ከሦስት ቀጥሎ ዘጠኝ

ጥር 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ከተማ ገብታ አጎቷን ለተጠራጠረች፤

ማንም አልጻፈልኝም። በመጀመሪያ ይሄን ላስቀድም፤ ሰላምታው ይደርሳል። «ያለፈውን ደብዳቤ ማን ጻፈልህ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፌሽ ነበር፤ ሩቅ ስለሆንሽ ግን አላወቅሽልኝም። ሰባት ወር ከሥራ መልስ የልጆች ወንበር ላይ ተኮራምቼ፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ጋር እየተጋጨ የተማርኩት ለሰው ላስጽፍ አይደለም። ባለፈው ሳምንት መምህራችን ደብተሬን አንስቶ ለክፍሉ በሙሉ አሳየ። እርግጥ ያሳየው መስመር ሳይጠብቁ መጻፍ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ነው። ቢሆንም ከአርባ ሰው ደብተር የተመረጠው የእኔ ነው።

ለምን አትደውልም እንዳትዪኝ። በስልክ የተነገረ ነገር አየር ላይ ይቀራል፤ ይሄ ወረቀት ነው። ለጤናዬ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። ወገቤ እንደ ድሮው ነው፤ እሱም ደህና ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። ማክሰኞ ዕለት የውሃ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ድሮ ቢሆን ሰው እስኪያነብልኝ አንገቴን አስግጌ እቆም ነበር። አሁን ግን ሰዉን ገፍቼ ገባሁና፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ ለተሰበሰበው ሁሉ አነበብኩለት። መሐል ላይ ስደርስ ነው ምን እያነበብኩ እንደሆነ የገባኝ።

ጉድጓዳችን የካቲት 20 ይታሸጋል ይላል። አስራ አንድ ዓመት በየማለዳው ገመድ እያወረድኩ የምለካው የላይኛው ሰፈር ጉድጓድ። ውሃው ከአፉ ወደ ታች አስራ ዘጠኝ ሜትር ከሰባ ወርዷል፤ አስራ ዘጠኝ ከሃምሳ ካለፈ ፓምፑ ጭቃ ስለሚስብ ይዘጋ ይላል። የመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ አንቺ ከምትሠሪበት ሕንፃ ነው። በዚያው ማለዳ ገመዱ ለእኔ የነገረኝ አስራ ሰባት ከዘጠና ነው።

ከዚህ ጉድጓድ የሚጠጣው መቶ ሠላሳ ቤት፣ አንድ ጤና ጣቢያና አንድ የልብስ ማጠቢያ ነው። ቀጣዩ ቧንቧ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ነው፤ ዳገቱን ታውቂዋለሽ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄጄ ቁጥሩ የእኔ አይደለም አልኩት። «ያንተ ጥሬ ነው፣ ይሄ የበሰለ ነው» አለኝና ሙሉውን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ፤ አያነበውም ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳልጨርስ አልጥልም። በየክፍሉ ዳር በቅንፍ ውስጥ ቁጥር አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከሦስት ቀጥሎ ዘጠኝ። ከዚያ አስር፣ አለቀ። «ከአራት እስከ ስምንት ያለውን የት አደረሱት?» አልኩት። ገጽ ቁጥር አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ነው የሚያውቀው አለኝ። ያን ጊዜ ሌባ ሳልለው አልቀረሁም። ጸሐፊዋ ሰምታለች።

እንግዲህ ያንን ነገር ማን እንደሠራው ጠይቂልኝ፣ የጎደሉትንም አምስት ወረቀቶች ላኪልኝ።

አጎትሽ፣ በገዛ እጁ የጻፈ

ጥር 15

ለጋሼ፤

ዘግይቼ ስለመለስኩልህ ይቅርታ፤ ስለ ጽሑፍህ በመጠራጠሬም ይቅርታ። እማዬን ሳምልኝ።

የጎደለ ወረቀት የለም፣ ጋሼ። ሥራ አስኪያጁን እባክህ ይቅርታ ጠይቀው።

ያየኸው ነገር ከኮምፒውተር ደብተር ወደ ወረቀት የተቀየረ ነው። እኛ ኖትቡክ እንለዋለን። እንዳንተ ደብተር ነው፤ ግን ውስጡ በሳጥን በሳጥን የተከፈለ ነው። አንዱ ሳጥን ጽሑፍ ይይዛል፣ ሌላው ስሌት። የስሌቱን ሳጥን ስትጫነው ይሠራና ውጤቱን ከሥሩ ያወጣል። ቁጥር ለውጠህ ብትጫነው ውጤቱም ይለወጣል፤ ሕይወት ያለው ደብተር በለው። በቅንፍ ያየኸው ቁጥር ያ ሳጥን በስንተኛ ተራ እንደተጫነ የሚናገር ነው። ማንም አያነበውም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከጉድጓዱ አፍ ላይ የተነሣው የሲሚንቶ ቀለበት ቁመቱ ስንት ነበር? መቼ ነው የተነሣው? በትክክል ንገረኝ።

ማን ሠራው ላልከኝ፣ ብዙ ሰው የሚነካካው ሥራ ነው፤ አጣርቼ እጽፍልሃለሁ። አሁን ወደ ስብሰባ እየተጠራሁ ነው።

ጥር 22

ይድረስ «ማንም አያነበውም» ላለችው ልጄ፤

እኔ አነበብኩት። እንግዲህ ማንም አለመሆኔን ልብ በዪልኝ።

ሥራ አስኪያጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ሌባ ያልኩዎት ወረቀት የጎደለ መስሎኝ ነው» አልኩት። አሁንስ ሲለኝ፣ ገና እያጣራሁ ነው አልኩት። ከዚህ በላይ ይቅርታ ትምህርቴ አልደረሰም።

ቀለበቱ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ነበር። የተነሣው ያቻምና ሐምሌ ነው፤ የብረት ክዳን ሊገጠም ሲባል የቅርንጫፋችንን የአስራ ሁለቱንም ጉድጓዶች የላይ ቀለበት አነሡት። እኔ በዚያን ቀን ለያኔው ጸሐፊ ተናግሬያለሁ። «ጉድጓዱ ኮፍያውን ስላወለቀ ከዛሬ ጀምሮ የምነግርህ ቁጥር ስድሳ ይጎድለዋል፤ ውሃው ግን አልወጣም፣ ያለበት ነው» ብዬዋለሁ። ሳቀና ጻፈው።

አሁን ተቀመጪ። ይሄን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢ። ባለፈው ሳምንት ክፍላችን ከጎረቤት ቁጥር እየተበደሩ መቀነስን ጨርሷል። እኔ ተበድሬ መመለስ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ በቁጥር ግን ሊቅ ወጥቶኛል። ወረቀታችሁ አስራ ዘጠኝ ከሰባ ይላል። ገመዴ አስራ ሰባት ከዘጠና። ቀነስኩት። ደግሜ ቀነስኩት። መምህሩም ቀነሰው። አንድ ሜትር ከሰማንያ።

ስድሳ፣ ስድሳ፣ ስድሳ።

ጉድጓዱ ያወለቀው አንድ ኮፍያ ነው። ወረቀታችሁ ሦስት አስወልቆታል። ገደቡ የሚቆጠረው ከድሮው አፍ ስለሆነ፣ የእኔን ገመድ አምናችሁ አንድ ጊዜ ስድሳ ብትጨምሩበት አስራ ስምንት ከሃምሳ ነው የሚመጣው፤ ለመታሸግ ገና አንድ ሜትር ይቀረዋል።

ማን ሠራው ብዬሽ ነበር። መልሱን ዘለልሽው፣ ጽሑፍሽም እዚያ ጋ ሲደርስ እያነሰ ሄደ። ልጄ፣ እኔ አሁን የተጻፈውን ብቻ አይደለም የማነበው።

አጎትሽ

ጥር 30

ጋሼ፤

ሰላምታ ሳላስቀድም ይቅር በለኝ። የሠራሁት እኔ ነኝ።

የጥር 6 ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ነው ያወቅሁት። ከሦስት ቀጥሎ ዘጠኝ የሚለውን ሳነብ ደብተሩን ከፍቼ ቅንፎቹን ቆጠርኩ። አጣርቼ እጽፋለሁ ያልኩህ ጊዜ ለመግዛት ነበር። ለአንተ መዋሸቴ ከስህተቱ በላይ እያሳፈረኝ ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። ለቀለበቱ ስድሳ የሚደምረውን ሳጥን ተጫንኩት፤ አራተኛ ሆነ። ከሥሩ ያለውን ግራፍ አየሁ፤ አምስተኛ። አንድ ቃል ተሳስቼ ስለነበር አረምኩና ሳጥኑን ደግሜ ተጫንኩት፤ ስድስተኛ። ግራፉ ሰባተኛ። ስምንተኛው ሞክሬ ያጠፋሁት ነው። ከዚያ አንድ ቃል ደግሞ አሳምሬ ተጫንኩት፤ ዘጠኝ። ግራፉ አስር። ባሳመርኩት ቁጥር ሳጥኑ ስድሳውን ከቀድሞው ላይ እየደመረ ነበር። ጨው ጨምሮ መጨመሩን እንደሚረሳ ሰው ሦስት ጊዜ ጨመርኩት።

ከዚያ ወደ ወረቀት ቀየርኩት። ሲቀየር እንደገና አያሰላም፤ ማያው ላይ የነበረውን ውጤት እንዳለ ነው የሚያትመው። እኔም፣ አለቃዬም፣ ከእሷ በላይ ያሉት ሦስት ፈራሚዎችም አየነው። ያችን ዘጠኝ ያየ የለም።

ለአለቃዬ ነግሬያታለሁ። ተቆጥታ አይደለም፤ በሩን ዘጋችና ሪፖርቱ ወጥቷል፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሲከለስ ይስተካከላል፣ የሙከራ ጊዜሽ የካቲት 25 ያልቃል፣ እስከዚያ ጭጭ በዪ አለችኝ። ጉድጓዱ የሚታሸገው ግን የካቲት 20 ነው።

መመሪያውን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ገጽ አስራ ሁለት ላይ አንድ ነገር አለ፦ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ስሌቱ ሲሠራ በዓይኑ አይቶ ውጤቱን ካልተቀበለ፣ ማሸጉን በጽሑፍ ማገድ ይችላል። በወረቀት አይሆንም፤ ሲሠራ ማየት አለበት። ስለዚህ ደብተሩን ራሱን በፍላሽ ልኬልሃለሁ፤ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ያደርስልሃል። አብሮት በፖስታ ያለው የእኔ ደብዳቤ ነው፤ ስህተቱን ማን እንዴት እንደሠራው በስሜና በፊርማዬ ጽፌበታለሁ። ቅርንጫፉ ስሌቱን ለማየት ሲሰበሰብ አንብበው።

የካቲት 7

ይድረስ ለልጄ፤

ተናድደህብኛል ወይ ብትዪኝ፣ አዎ፤ ግን ሥራ ስለበዛብኝ ለሌላ ጊዜ አሳድሬዋለሁ።

ፍላሹ ደርሷል። በሸሚዜ ኪስ ይዤ ቅርንጫፍ ሄድኩ፤ በየመንገዱ እየዳበስኩት ሰው ልቡን ያመዋል እስኪለኝ። ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊዋ፣ እኔ፣ ሦስታችን ኮምፒውተሩን ከበብን። ከፈተችው። የወጣው ቅንፍ ብቻ ነው። ቅንፍ፣ ነጥብ፣ ቅንፍ፣ ጭረት፣ መሐል መሐል አንድ አንድ ቃል፤ ገጹ አያልቅም። ጸሐፊዋ ቫይረስ ነው ብላ ወንበሯን ወደ ኋላ አሸሸች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ‹የተማረችው ልጅህ የላከችው ይሄንን ነው?› በሚል ዓይን አየኝ፤ አልተናገረውም፣ እኔ ግን ሰማሁት።

ቢሆንም እጅ አልሰጠሁም። ወደ ማታ ትምህርት ቤት ወስጄ ለመምህሩ ሰጠሁት። እሱ ማሽን ላይ ደብተሩን የሚከፍት ነገር አለ። ከፈተው። ልጄ፣ እንዴት ያምራል። ሳጥኖቹ በተርታ፣ ጽሑፉ ከሥራቸው፣ ግራፉ እንደ ተኛ እባብ። የመጀመሪያውን ሳጥን እኔው ልጫን ብዬ ለምኜ ተጫንኩት። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ቀዩን ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ነጥብ ሳላስቀር፣ በእጄ ገልብጬዋለሁ፤ አራት ገጽ ሆኗል፣ እዚህ ውስጥ ታጥፎ ይገኛል። መምህሩ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አይቶ ‹ፋይሉ አልተገኘም ነው የሚለው› አለኝ። ሌላውን ለምን አስገለበጥከኝ አላልኩትም፤ እጄ ተፍታቷል።

ለካ ደብተርሽ የእኔን አስራ አንድ ዓመት ልኬት የሚፈልገው አንቺ ማሽን ላይ፣ አንቺ ብቻ የምታውቂው ቦታ ነው። እዚህ ያለው ማሽን ያንን ቦታ ከየት ያውቀዋል? ደብተሩን ላክሽልኝ፣ ልኬቱን ጠረጴዛሽ ላይ ትተሽ።

ሥራ አስኪያጁ ተስተካክሎ በወረቀት ታትሞ ይምጣ፣ እፈርማለሁ አለ። እምቢ አልኩ። እዚህ ያደረሰን የታተመ ወረቀት ነው፤ በፊታችን ካልሠራ አልቀበልም አልኩት። እኔ ገመዱን ሳወርድ ሰው ሁሉ ያየኛል። እናንተም ስታሰሉ እንያችሁ።

ስለ ፖስታው። ኮቴ ውስጥ ነው። አላነበብኩትም፣ አላነበውምም። ለመንደሩ ሁሉ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩን እንደ ጣቷ ነው የምታዘው እያልኩ አራት ዓመት ጉራዬን የነፋሁት እኔ ነኝ። ስምሽን ለስህተት አላውለውም። አንድ ያልታወቀ ሰው ተሳስቷል ብንል ምን ይጎድላል?

አስራ ሦስት ቀን ቀርቷል።

የካቲት 12

ጋሼ፤

አራቱን ገጽ ሳየው ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። አንድ ነጥብ አልሳትክም።

ልክ ነህ፤ ሰው እንደሚከፍተው አስቤ አልሠራሁትም። ለራሴ ብቻ የሚሠራ ደብተር ነበር። አሁን በአዲሱ ፍላሽ ውስጥ አንድ ማኅደር አለ። ደብተሩም ልኬትህም እዚያው ጎን ለጎን ናቸው፤ የትም ቢወሰዱ አይነጣጠሉም። ኢንተርኔት በሚከፈትበት በማንኛውም ኮምፒውተር የሚታይ ቅጂም ቀይሬ ጨምሬያለሁ፤ የጸሐፊዋም ይከፍተዋል። ግን እሱ ለማየት ብቻ ነው፣ አይሠራም። የሚሠራውን መምህሩ ማሽኑን ይዞ ቢመጣ ነው የሚሻለው።

ሁለት ደብተር አለ። አንደኛው አሮጌው ነው፤ ልኬቱን የሚፈልግበትን ቦታ እንጂ ስሌቱን አልነካሁትም፣ ስህተቴ እንዳለ አለ። ሁለተኛው የታረመው ነው፤ መቶ ጊዜ ቢጫኑት አንድ ጊዜ ብቻ ይደምራል። በአሮጌው ጀምሩ። ከመጀመራችሁ በፊት የነበረውን ሁሉ ያጥፋና ከላይ ጀምሮ እስከ ታች በተራ ያስኪደው። ቅንፎቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ማለት አለባቸው። ይህን ማረጋገጥ የአንተ ሥራ ነው፤ ካንተ የተሻለ አንባቢ የለንም።

ስለ ፖስታው። ያልታወቀ ሰው ተሳሳተ ከተባለ፣ ያልታወቀ ሰው ያርመው ይባላል። መመሪያው የሠራተኛውን ስም ይጠይቃል። ከዚያም በላይ፣ ጋሼ፣ አንተ አስራ አንድ ዓመት በስምህ ለክተሃል። ስሜን አትደብቅልኝ። እለምንሃለሁ ሳይሆን እነግርሃለሁ።

የካቲት 19

ይድረስ ለምታዘኝ ልጄ፤

ትናንት ተሰበሰብን። ማን ማን ነበር ብትዪኝ፦ ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊዋ፣ መምህሩ ከነማሽኑ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ የልብስ ማጠቢያው ባለቤት፣ ከሰፈሩም የቻለ ሁሉ። በር ላይ የቆመው ከተቀመጠው ይበልጥ ነበር።

መምህሩ እንዳልሽው አጥፍቶ ከላይ አስጀመረው። ቅንፎቹን አንድ በአንድ ድምፄን አሰምቼ አነበብኳቸው። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት ስል ሰዉ እንደ ሎተሪ ዕጣ ትንፋሹን ዋጠ። ከሥሩ የወጣው አስራ ስምንት ከሃምሳ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አላመነም። ክፉ ሰው አይደለም፣ መፈረም ያስፈራዋል። ታዲያ ያ አስራ ዘጠኝ ከሰባ ከየት መጣ አለ። መምህሩ ያችን አራተኛ ሳጥን እስቲ እርስዎ ደግመው ይጫኑት አለው። ተጫነው። አስራ ዘጠኝ ከአስር። ቅንፉ ውስጥ ስድስት መጣ። ማያውን አየ፣ ጣቱን አየ፣ አሁንም ተጫነው። አስራ ዘጠኝ ከሰባ።

ጉድጓዱን የነካው ሰው የለም፤ ውሃው ግን በአንድ ጣት በዓይናችን ሥር አንድ ሜትር ከሃያ ወረደ። ያን ጊዜ የልብስ ማጠቢያው ባለቤት ከኋላ ሆና፣ በቀስታ፣ «ጌታዬ፣ እጅዎን ያንሱልን፤ ሊያደርቁን ነው» አለች። ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ነበር። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ፤ ሲስቅ ሳየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከዚያ ማን ነው ይሄን የሠራው ተባለ። ፖስታውን አወጣሁ። በሰው ፊት ቆሜ የሌላ ሰው ደብዳቤ ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስምሽ ጋ ስደርስ መስመሩን ከመጀመሪያው ደገምኩት። መምህሩ ሊያግዘኝ ቀና ሲል በእጄ መለስኩት። አነበብኩት፤ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ከራሴ ጨመርኩ። የእህቴ ልጅ ናት አልኩ። ማንም አልሳቀም። ነርሷ ብቻ፣ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ አለቃ አይቼ አላውቅም አለች።

ማገጃው ተፈርሟል። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታው፤ የመጀመሪያው ደብዝዞ ነው እንጂ ሁለቴ አይደመርም።

አሁን የማልወደውን ልጽፍልሽ ነው። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሥራ አስኪያጁ በሩን ገርበብ አድርጎ የአስራ ሁለቱን ጉድጓዶች ዝርዝር አሳየኝ። የታችኛው ሰፈር ጉድጓድ ሃያ ሜትር ደርሷል ተብሎ ታኅሣሥ ላይ ታሽጓል። በብረት ተበይዶ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ። ያን ዕለት የሰፈሩ ሰው አልተከራከረም፣ በወረቀት መጣ ተባለና ተቀበለ። የዚያን ጉድጓድ ውሃ ይለካ የነበረው ሰው ጡረታ ወጥቷል፤ ልኬቱን የሚያስታውስ የለም። ያም ከአንቺ ደብተር ነው?

የካቲት 27

ጋሼ፤

አዎ። ከእኔ ደብተር ነው።

ያ ጉድጓድ በሌላ ሰው እጅ ስለነበር አላሰብኩትም ነበር። የሌሎቹንም ጉድጓዶች ያሰላው ያው ደብተር ነው፤ ለእነሱም የእኔ ውጤት ታትሞ እንዳለ ነው የተወሰደው። ዛሬ ሁሉንም አንድ በአንድ፣ ከላይ ጀምሬ፣ እንደገና አስኬድኳቸው። ከአስራ ሁለቱ በስህተት የታሸገው እሱ ብቻ ነው። ከእኔ ሃያ ሜትር ላይ ሁለቱ ትርፍ ስድሳዎች ሲወጡ አስራ ስምንት ከሰማንያ ነው። መታሸግ አልነበረበትም።

የሙከራ ጊዜሽ ምን ሆነ ብትለኝ፣ ለሦስት ወር ተራዝሟል፤ ማስጠንቀቂያም በፋይሌ ገብቷል። ለእማዬ ማስጠንቀቂያውን አትንገራት፤ መራዘሙን እኔ እነግራታለሁ። አለቃዬ የላይኛው ሰፈር ተርፏል፣ የተበየደውን ተዪው፣ የሚከራከር የለም አለችኝ። እኔ እከራከራለሁ አልኳት።

ግን ተጨባጭ ችግር አለ። የታኅሣሡ ልኬት ስላረጀ ለመክፈት አዲስ ልኬት ያስፈልጋል ይላሉ። ለመለካት ደግሞ መከፈት አለበት። በዚህ መሐል ሰው ውሃ ከአውራ ጎዳናው ማዶ እየተሸከመ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። እኔ ከዚህ ያለውን ወረቀት ሁሉ ጽፌ ጨርሻለሁ። ገመድ ግን የለኝም።

መጋቢት 14

ይድረስ ለልጄ፤

ይሄን የምጽፍልሽ የታችኛው ሰፈር ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጬ ነው። መስመር ካልጠበቅሁ ጥፋቱ የጉልበቴ ነው፤ እንደ ጠረጴዛ አላገለግልም ብሏል።

ምን ብለህ አስፈቀድክ ብትዪኝ፦ ማመልከቻውን እኔው ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ ቀድጄ በአራተኛው ወጣልኝ። ይከፈት አላልኩም፤ ይከፈት ካልኩ ዋናው መሥሪያ ቤት ይጠየቅ ይሉኛል። ገመድ የሚያሳልፍ የቡጢ ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበሳልኝ አልኩ። ቀዳዳ ስለመብሳት መመሪያው ምንም አይልም፤ አስራ ሁለተኛውን ገጽ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ፈረመ። ይሄን ሰውዬ ልወደው ነው መሰለኝ።

ብየዳ ሠራተኛው ጠዋት መጥቶ ሲሚንቶውን ፈነቀለ፣ ብረቱን በእሳት ቆረጠ። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ጀሪካን የያዙ አሉ፤ ውሃ ዛሬ እንደማይወጣ ብነግራቸውም አላስቀመጡትም። ገመዱን አወረድኩ። አንድ ሰውዬ አጠገቤ ሆኖ፣ ደረቅ ቢሆንስ አለኝ። ደረቅ ከሆነ ደረቅ ብዬ እጽፋለሁ አልኩት። ይሄን ስናገር ገመዱን ከወትሮው ቀስ አድርጌ ነበር የማወርደው፣ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ከዚያ ክብደቱ ውሃውን ሲነካ እጄ ላይ ታወቀኝ። አስራ አንድ ዓመት የማውቀው መነካት ነው፤ የሰው እጅ እንደመጨበጥ ነው። ሦስት ጊዜ አውጥቼ ሦስት ጊዜ አወረድኩት፣ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ምልክቱን አዩ፣ እኔ ከማንም በፊት ጻፍኩት።

አስራ ስምንት ሜትር ከሃያ። ቀለበቱ ከተነሣለት አፍ የተለካ ነው። ገደቡ አስራ ዘጠኝ ከሃምሳ መሆኑን አልረሳሁም፤ ስድሳ ሲጨመርበት ስንት እንደሚሆንም አውቃለሁ። ግን እኔ ስለማውቅ አይከፈትም። አንቺ አስልተሽ፣ ከነቅንፉ፣ መላክ አለብሽ።

ፈቃዱ ለአምስት ቀን ነው። እስከ አርብ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የዋናው መሥሪያ ቤት ውጤት ካልመጣ ቀዳዳው ተመልሶ ይበየዳል ተብሏል። ብየዳ ሠራተኛውም የሚኖረው እዚሁ ሰፈር ነው፤ አርብ ያመኛል ብሎኛል፤ ቢሆንም ሌላ ሊልኩ ይችላሉ። ሾፌሩ ይሄንን ነገ ጠዋት ያደርስልሻል። ባስኬድሽው ጊዜ ከላይ ጀምሪ። አለቃሽ ነገ ይሁን ብትል ሰውዬው ጉድጓዱ ላይ ተቀምጧል በያት።

እውነት እስከ አርብ እዚህ ልትቆም ነው ብለው ይስቁብኛል። አልቆምም አልኳቸው። ወንበር ይዤ መጥቻለሁ።

አጎትሽ፣ በገዛ እጁ የለካ